አዲስ የሩጫ ጫማ በ14 ቀን፦ ከሚዛን እስከ 60 ኪሎ ሜትር

የሚሞከረው ለዕለታዊ ልምምድ የተሠራ፣ ሶሉ ውስጥ የካርቦን ሳህን (እግርን የሚገፋ ጠንካራ ዝርግ) የሌለው የአስፋልት ጫማ ነው። ቁጥሩ 42። ሯጩ 62 ኪሎ ይመዝናል፣ በሳምንት 50 ኪ.ሜ ያህል ይሮጣል፣ ሲረግጥ ተረከዙ ይቀድማል። የሚተካው አሮጌ ጫማ 690 ኪ.ሜ ሄዶበታል። በሙከራው ሁሉ የሚጠበቅ አንድ ደንብ አለ፦ በአንድ ሩጫ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። ካልሲው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው። ጫማና ካልሲ ባንድ ቀን የቀየረ ሰው እግሩ ውሃ ሲቋጥር ማንን እንደሚከስ አያውቅም።

ቀን 0፦ ጠረጴዛ ላይ

ክብደት። በወጥ ቤት ሚዛን ግራው 255 ግራም፣ ቀኙ 258። ሦስት ግራም ከሙጫም ሊመጣ ይችላል፣ አያሳስብም። ከ10 ግራም በላይ ቢለያዩ ግን በሁለቱም ምላስ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሣጥን ሁለት የተለያየ ቁጥር መግባቱ ያጋጥማል። አሮጌው 291 ግራም ነው። በእያንዳንዱ እግር 100 ግራም ሲጨመር ሩጫው የሚጠይቀው ኃይል 1 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ የ33 ግራም ቅናሽ የአንድ በመቶ ሲሶ ነው፤ ሰዓት ላይ አይታይም። አዲስ ጫማ ያደረገ ሁሉ «ክብደቱ አይሰማኝም» የሚለው ከሚዛኑ ይልቅ ከአዲስነቱ ነው።

ርዝመት። እግር የሚለካው ማታ፣ ቆሞ፣ የሚሮጥበትን ካልሲ አድርጎ ነው። ጠዋት ተቀምጦ የተለካ እግር ያጥራል። ግራ 262፣ ቀኝ 266 ሚሊ ሜትር ሆነ። የሚታሰበው ትልቁ እግር ነው። የቀኙ የውስጥ ሶል ተነቅሎ መሬት ላይ ተደረገና ሯጩ ቆመበት፦ ሶሉ 276 ስለሆነ ከረጅሙ ጣት ፊት 10 ሚሊ ሜትር ተረፈ። ከዚህ ካነሰ አይወሰድም፤ 12 ቢሆን ይመረጥ ነበር። አንድ የአውሮፓ ቁጥር 6.67 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 43 ቢወሰድ ትርፉ ወደ 17 ይጠጋል፣ ተረከዙም ይላቀቃል። በዚህ ሞዴል ግማሽ ቁጥር የለም። በ42 ተቀጠለ፣ ቁልቁለት ላይ ቀኝ እግር እንዲታይ ማስታወሻ ተያዘ።

የሶል ውፍረት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማስመሪያ ከውጭ በጎን ቢደገፍ 41 ሚሊ ሜትር ያነባል፤ ቁጥሩ ግን የሶሉ ውፍረት አይደለም። ፎሙ፣ ማለትም የሶሉ ለስላሳ ክፍል፣ እግሩን እንዲያቅፍ ዙሪያው ከፍ ተደርጎ ስለተሠራ እግሩ የሚያርፈው ከጠርዙ ዝቅ ብሎ ነው። ከውስጥ ለመለካት ጫማው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና የአንገቱ ጠርዝ ላይ እርሳስ ይጋደማል። ከኋላው 33 ሚሊ ሜትር ገባ ተብሎ ከእርሳሱ እስከ ውስጥ ሶሉ ያለው ጥልቀት ይለካል፤ ቀጥሎ ከእርሳሱ እስከ ጠረጴዛው። ከ99 ላይ 66 ሲቀነስ 33 ሚሊ ሜትር። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፦ የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ የተረከዙን ውፍረት የሚያስለካው ከጫማው የውስጥ ርዝመት 12 በመቶ ላይ፣ የፊቱን ደግሞ 75 በመቶ ላይ ነው። የጎዳና ውድድር ጣሪያ 40 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶንን ቀድሞ የጨረሰው ሯጭ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰርዞበታል። የልምምድ ጫማ ላይ ይህ ሕግ የለም፤ በልምምድ ጫማው ውድድር ለመግባት የሚያስብ ሰው ግን አስቀድሞ ቢለካው ይበጀዋል።

ለፊተኛው ክፍል የእርሳሱ ዘዴ አይሠራም፣ ማስመሪያው እዚያ ድረስ ቀጥ ብሎ አይገባም። ስለዚህ ፋብሪካው የጻፈው 27 ሚሊ ሜትር ተወሰደ። በተረከዝና በፊት መካከል ያለው ልዩነት፣ ሯጮች ድሮፕ የሚሉት፣ 6 ሆነ ማለት ነው። የአሮጌው 10 ነበር። ተረከዙ በ4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል ባትና የተረከዝ ጅማት የበለጠ ይሳባሉ፤ ጉልበት በአንጻሩ ትንሽ ይቀለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአዲሱ ጫማ ከሳምንቱ ርቀት ግማሽ ያህሉ ብቻ የሚሮጠው፣ ቀሪው በአሮጌው የሚሆነው ለዚህ ነው።

አቋም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከኋላ ሲታዩ የተረከዙ መሃል ስፌት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። አዲስ ሆኖ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያጋደለ ጫማ ሲሠራ የተበላሸ ነው፤ ሳይሮጥበት ይመለሳል። እነዚህ ቀጥ ብለዋል። አሮጌውም አብሮ ታየ፦ የታችኛው ጎማ በውጨኛው የተረከዝ ጠርዝ ተበልቷል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «እግሬ ወደ ውጭ ያጋድላል» ይላል። አያጋድልም፤ ተረከዙን የሚያስቀድም ሯጭ ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ የሚነካው በዚያ ጠርዝ ነው።

የእግር ቅስት እየታየ «ለጠፍጣፋ እግር ይህ፣ ለጎበጠ እግር ያ» የሚለው አመዳደብ እዚህ ቦታ አልተሰጠውም። በአሜሪካ ጦር ሠልጣኞች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ጫማን በቅስት ቅርጽ መመደብ ጉዳትን እንዳልቀነሰ አሳይተዋል።

መጨረሻ ላይ እጅ ወደ ውስጥ ገባ። ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። በግራው ጫማ፣ በውስጠኛው የተረከዝ ጎን፣ ከውስጥ ሶሉ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ስፌቱ ተደርቦ የተቋጨበት የክብሪት ራስ የምታክል ጉብታ አለች። ቀኙ ላይ የለችም። ቦታዋ ተመዘገበ።

ቀን 1፦ ቤት ውስጥ

ንጹሕ ወለል ላይ 40 ደቂቃ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ጨምሮ። ጎማው ካልቆሸሸ ጫማውን መመለስ ይቻላል፤ የዚህ ቀን ጥቅም ከዚህ አያልፍም። የሚያም ነገር የለም። ጉብታዋም አልተሰማችም፤ እግር ሳያብጥና ካልሲ ላብ ሳይዝ ስለማትሰማ ገና ነጻ አልወጣችም።

ቀን 2፦ የመጀመሪያው 6 ኪ.ሜ

ደርሶ መልስ፣ 3 ሄዶ 3 መመለስ፣ ደረቅ አስፋልት፣ በኪሎ ሜትር 5፡30 ደቂቃ። ደርሶ መልስ የተመረጠው መንገዱ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ነው፤ ሲኬድ ግራ እግር ዝቅ ካለ ሲመለስ ቀኙ ዝቅ ይላል፣ ነፋሱም ይካካሳል። ዙር መንገድ ላይ አንዱ እግር ብቻ ቢያም ጥፋቱ የጫማው ይሁን የመንገዱ አይለይም።

1ኛው ኪ.ሜ አይመዘገብም። ጫማው ከአሮጌው ስለሚለይ ሁሉም ነገር ይሰማል። ጎማውም ለስላሳ ገጹ እስኪሻክር ድረስ ትንሽ ያንሸራትታል፤ መታጠፊያ ላይ ረጋ ማለት ነው።

2ኛው ላይ የግራ ተረከዝ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። በግምት 5 ሚሊ ሜትር። አዲስ ሶል ገና ስላልለመደ ጣት ጋ በቀላሉ አይታጠፍም፤ ጫማው ሳይታጠፍ እግሩ ሲታጠፍ ተረከዙ ሾልኮ ይወጣል። ግራው እግር በ4 ሚሊ ሜትር ማነሱም አግዞታል።

3ኛው ላይ፣ መመለሻው ጋ፣ ክሩ በተረከዝ መቆለፊያ አስተሳሰር ተቀየረ። ከላይ ባዶ የቀረችው 7ኛዋ ቀዳዳ የተሠራችው ለዚህ ነው። ክሩ ከ6ኛው ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ማዶ ሳይሻገር እዚያው ጎን ወደ 7ኛው ተመልሶ ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ትንሽ ቀለበት ትቀራለች። በሌላውም ጎን እንዲሁ ይደረጋል። ከዚያ የግራው ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙ በግራው ያልፍና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታችና ወደ ኋላ ይሳባል፤ ተረከዙን ወደ ጫማው ጀርባ የሚያስቀምጠው ይህ አሳሳብ ነው። ወደ ላይ የሳበ ሰው ቁርጭምጭሚቱን አነቀ እንጂ ተረከዙን አልቆለፈም። ክሩ ያጥራል፤ ሁለት ጊዜ ለመቋጠር ካልበቃ ረዘም ያለ ክር መግዛት ነው።

4ኛው ላይ ተረከዙ ቆመ። 5ኛው ላይ ሌላ መጣ፦ በግራ እግር ጀርባ፣ ክሩ ለሦስተኛ ጊዜ በሚሻገርበት፣ የሚጫን ነገር። እግር ሲሞቅ ያብጣል፤ ገና ብዙ ሳያብጥ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ክር ደግሞ አይለጠጥም። ጣት ካልደነዘዘ መጨረስ ይቻላል። ቢደነዝዝ ኖሮ ነርቭ ተጭኗልና ወዲያው ቆሞ መፍታት ነበር። 33 ደቂቃ፣ ተጠናቀቀ።

ካልሲው በ5 ደቂቃ ውስጥ ወለቀ። የሚታየው የቀላ ቦታ ነው። ደንባችን ቀላል ነው፦ በ30 ደቂቃ የጠፋ ቅላት ከግምት አይገባም፣ ገላ ከታጠቡ በኋላም የቆየ ይመዘገባል፣ በማግስቱ የታየ መፍትሔ ሳያገኝ በዚያ ጫማ አይሮጥም። የግራ እግር ጀርባ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀይ መስመር ለአንድ ሰዓት ቆየች። ተረከዙ ንጹሕ ነው።

ቀን 3፦ በአሮጌው ጫማ 7 ኪ.ሜ። ሁለቱም ባቶች ከብደዋል፣ እኩል። እኩል መሆኑ ደህና ምልክት ነው፤ የድሮፕ ለውጥ ሁለቱንም እግር ይነካል። አንዱ ብቻ ቢያም፣ በተለይ ጠዋት ከአልጋ ሲወረድ የተረከዝ ጅማት ቢደርቅ፣ አዲሱ ጫማ ለሳምንት ይቀመጥ ነበር።

ቀን 4፦ 8 ኪ.ሜ፣ የተቀየረው ክሩ ብቻ

የሚጫነውን ቦታ ለማሳረፍ በግራው ጫማ ላይ መስኮት ተከፈተ። ክሩ እስከ 3ኛው ቀዳዳ ይፈታል፤ ከ3ኛው ወደ 4ኛው ሳይሻገር በየጎኑ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከ4ኛው ጀምሮ እንደ ቀድሞው ይሻገራል። በዚያ ክፍተት በእግር ጀርባ ላይ የሚያልፍ ክር አይኖርም። የታችኞቹ ቀዳዳዎች ላላ፣ የላይኞቹ ሁለቱ ጠበቅ ይላሉ።

ውጤት፦ ጫናው ጠፋ። የጫማው ምላስ ግን 6ኛው ኪ.ሜ ላይ ወደ ውጭ 1 ሴንቲ ሜትር ሸሸ። ምላሱ በጎን ከውስጥ አልተሰፋም፣ መሃሉ ላይ ያለችው የክር ማሳለፊያም ሥራ ፈትታ ነበር። ክሩ በእሷ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። እንዲህ ያለውን ነገር ቀን 0 ማየት ይገባ ነበር።

የልብ ምት አማካይ 144፣ ባለፈው ሳምንት በዚያው ፍጥነት በአሮጌው 143። ከዚህ ምንም አይወጣም። አንድ ምት ከእንቅልፍም፣ ከሙቀትም፣ ከሰዓቱም ይመጣል። ጫማ ፍጥነት ጨመረ አልጨመረ ለማለት አንድ ሩጫ አይበቃም።

ቀን 6፦ መም ላይ

3 ኪ.ሜ ማሟሟቂያ፣ 6 ጊዜ 400 ሜትር በ1፡44፣ በመካከሉ 200 ሜትር ሶምሶማ፣ 2 ኪ.ሜ ማቀዝቀዣ። በድምሩ 8.4።

አራተኛው 400 ላይ የቀኝ እግር ትንሿ ጣት መፈግፈግ ጀመረች። ፈጥኖ የሚመጣው ድምዳሜ «ጫማው ይጠባል» ነው። ግን 14 ኪ.ሜ አስፋልት ላይ ተሮጦበት ያቺ ጣት ድምፅ አላሰማችም። መም ላይ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው፤ ኩርባው ላይ የውጨኛው እግር ቀኙ ሲሆን በጫማው ውስጥ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ለማረጋገጥ የማቀዝቀዣው የመጀመሪያ 800 ሜትር፣ ሌላ ሯጭ በሌለበት፣ በውጨኛው መስመር በተቃራኒ አቅጣጫ ተሮጠ። ፍትጊያው ቀኙን ለቆ ግራ ትንሿ ጣት ላይ ስሱ ሆኖ ተሰማ። ወርዱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ከኩርባው ነው። እንዲያም ሆኖ ይህ ጫማ ለመም አይመረጥም። ለስላሳው ፎም በፍጥነት ሲታጠፉ ወደ ጎን ይተኛል፣ በኪሎ ሜትር በ5፡30 የማይታየው ነገር በመሙ ፍጥነት፣ በ4፡20፣ ይታያል።

ቀን 9፦ 16 ኪ.ሜ

እውነተኛው ፈተና ይህ ነው። አብዛኛው የጫማ ጥፋት ከ50 ደቂቃ በፊት አይገለጥም፤ እግር በደንብ ማበጥ፣ ካልሲ በላብ መራስ፣ ሯጩም ደክሞ አረጋገጡን መልቀቅ አለበት። የተረከዝ መቆለፊያውና መስኮቱ እንዳሉ ናቸው።

እስከ 9ኛው ኪ.ሜ ዝም። 10ኛው ላይ፣ በ55ኛው ደቂቃ፣ የግራ ውስጠኛ ተረከዝ ሞቅ አለ። ሙቀት የመቋጠር መጀመሪያ ነው፤ ቆዳው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲሳብ የላይኛው ሽፋን ከታችኛው ይላቀቅና ውሃ ይሞላዋል። ሙቀቱ ሲሰማ ቆሞ ፕላስተር ማድረግ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ተቋጥሮ ከፈነዳ አራት ወይም አምስት ቀን ይበላል። ተቆመ፣ ካልሲው ተገለበጠ፣ ቆዳው ተጠርጎ ፕላስተር ተለጠፈ። ሲለጠፍ ላቡ በደንብ ካልደረቀ በ500 ሜትር ተጠቅልሎ ራሱ ሌላ ጉብታ ይሆናል።

ከ12 እስከ 14 ቁልቁለት። የቀኝ እግር ጣት፣ ያ 10 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነካ፤ ሁለቱም ክሩ የላላበት ላይ ነው። 13ኛው ላይ ቆሞ ቀኙም በተረከዝ መቆለፊያ ታሰረ፣ ከዚያ በኋላ አልነካም። ጥፍር የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ ጫማ ስላጠረ ብቻ ሳይሆን እግር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ነው፤ ትልቅ ቁጥር የገዛ ሰው ጥፍሩ እየጠቆረ የሚገረመው ይህን ሳያውቅ ነው።

ቤት ሲደረስ የግራ ካልሲ ተገልብጦ ብርሃን ላይ ተያዘ። ተረከዙ ውስጥ በኩል፣ ክሩ ተፈትሎ የኳስ ቅርጽ የያዘባት፣ ከጥፍር የማትበልጥ የሳሳች ቦታ አለች። ካልሲው ጫማው ውስጥ ገብቶ ቦታው ሲመሳከር ቀን 0 ጣት ያገኛት ጉብታ ላይ አረፈ።

መጠገኛው እግር ላይ ሳይሆን ጫማው ላይ ይሠራል። ለስላሳ ገጽ ያለው ቀጭን የስፖርት ፕላስተር 2 በ4 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ጉብታዋ ላይ ተለጠፈ። አራቱም ማዕዘን በመቀስ ክብ ይደረጋል፤ ሹል ማዕዘን በካልሲ ተይዞ ይነሳል። ጨርቁ መጀመሪያ በአልኮል ተጠርጎ ይደርቃል፤ ከተለጠፈ በኋላ በአውራ ጣት ለአንድ ደቂቃ ይጫናል፣ ሌሊቱን ያድራል። ስፌቱን በምላጭ መቁረጥ የሚያስቡ አሉ። አይደረግም፦ የተረከዙ ጨርቅ በሙሉ በዚያች ቋጠሮ ነው የተያዘው።

ቀን 12፦ ዝናብ፣ 10 ኪ.ሜ

ሳይታሰብ የመጣ ዝናብ ነው፣ ግን መዝገቡ ላይ መኖሩ ጥሩ ሆነ። እንደተገባ ሲመዘን ቀኙ 321 ግራም፤ 63 ግራም ውሃ። ላይኛው ጨርቅ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ የሚይዘው የተረከዙ ስፖንጅና የውስጥ ሶሉ ነው። ፕላስተሩ ያዘ፣ ተረከዙ አልሞቀም።

አዲስ ጥፋት፦ የቀኙ የውስጥ ሶል ወደ ፊት 4 ሚሊ ሜትር ተንሸራቶ ጣት ጋ ታጥፏል። ፋብሪካው ያደረገው ሙጫ ቀን 0 ለልኬት ሲነቀል ለቆ ነበር። የለካ ሰው መልሶ መለጠፍ አለበት። ተረከዙ ስር ሁለት መስመር ቀጭን ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ በቂ ነው፤ ፈሳሽ ሙጫ አይጨመርም፣ ሲደርቅ ጠጥሮ ውስጥ እግር ስር ይሰማል።

ለማድረቅ የውስጥ ሶሉ ወጥቶ፣ ክሩ ላልቶ፣ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተቀየረ፤ ሁለተኛው ጋዜጣ ውስጡ ያድራል። ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ የተቀመጠ ጫማ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ሙጫው ይለቃል፣ ፎሙም ይጠነክራል።

ቀን 14፦ 12 ኪ.ሜ፣ በጠቅላላው 60.4

በኪሎ ሜትር 5፡25፣ ግማሹ አስፋልት ግማሹ ኮረኮንች። አስፋልቱ ላይ የሚጻፍ የለም። ኮረኮንቹ ላይ ከታች ያለው ሰፊ ቦይ ጠጠር ይጎርሳል፤ ሁለት ጊዜ ቆሞ በእንጨት ማውጣት አስፈለገ።

ተረከዙ ንጹሕ፣ የእግር ጀርባ ንጹሕ፣ ጥፍር ደህና። ባቶቹ ከቀን 10 ጀምሮ አልከበዱም። ሶሉ አሁን ጣት ጋ በእጅ ሲታጠፍ ይታጠፋል፣ ስለዚህ በግራው ላይ የተረከዝ መቆለፊያው ተፈትቶ በተራ አስተሳሰር 4 ኪ.ሜ ተሞከረ። 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ በአጭር ሩጫ ይቻላል፣ ከ10 በላይ ግን ይቆለፋል።

የፎሙ ጎን ላይ፣ ከውጨኛው ተረከዝ በላይ፣ ሦስት ቀጫጭን አግዳሚ እጥፋቶች ታይተዋል። ፎሙ መጫኑን እንጂ መሞቱን አያመለክቱም። ፎም ሞተ የሚባለው እጥፋቶቹ ሳይረገጡም ሳይከፈቱ ሲቀሩና ጫማው ጠረጴዛ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ነው። ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በውስጠኛው የፎም ጎን በማይለቅ ብዕር ተጽፏል።

ምደባ፦ ቀላልና ረጅም ሩጫ፣ አስፋልት። መምና ኮረኮንች አይገባም። አሮጌው ለዝናብ ቀንና ለ5 ኪ.ሜ ሶምሶማ ይቆያል። የተረከዙ ፕላስተር በየ50 ኪ.ሜ ይቀየራል፣ ቀጣዩ ልኬት 200 ላይ።